ያልተቆረጠው የግራና እርቅ

ባለፈው ሰሞን ወልድያ፣ አዳጎ፣ ከአንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ለልጅ ልጆቼ ፊልም መጫኛ የምትሆን ሀርድ ዲስክ ገዛሁ። ሻጯ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ቆልፋ ሁለት ሥራ ባንዴ የምትሠራ ቀልጣፋ ልጅ ናት። ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥታ ኮምፒውተሯ ላይ ሰካችና «ማዘር፣ በምን ፎርማት ላድርግልዎት? ለሪሲቨር ነው ለኮምፒውተር?» አለችኝ። ቆሜ ቀረሁ። ያልገባኝ መሰላት መሰለኝ፣ ስልኳን ዘግታ በትዕግሥት ታስረዳኝ ጀመር። አንደኛው የትም ይሠራል ግን ትልቅ ፋይል አይቀበልም፣ ሌላኛው ሁሉን ይቀበላል ግን ሪሲቨሩ ላያነበው ይችላል፣ እያለች። «ኧረ ልጄ፣ ይሄንንስ አውቀዋለሁ፤ ያወቅሁበት ቀን ነው ድንገት ትዝ ያለኝ» አልኳት። እሷ ምን ታድርግ፣ ሳቀች። እኔ ግን ወደ መርሳ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ያቺን ጥቁር ዕቃ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ስታዋራኝ አንድም ቃል አልሰማኋትም።

ዘነቡ እባላለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት የመንግሥት ጸሐፊ ሆኜ የጽሕፈት መኪና ስደበድብ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ መርሳ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በአንድ በኩል ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ በሌላ በኩል ፎቶ አነሳለሁ። ያኔ አንድ ገጽ ማስጻፍ አንድ ብር ከሃምሳ ነበር፤ አራት ጉርድ ፎቶ ስምንት ብር። ከሱቄ ፊት ለፊት ብርቱካን በሳፋ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ አምስቱን በብር ትሰጥሽና አንዱን ትመርቅልሽ ነበር። ዛሬ ብርቱካን በኪሎ ሲጠሩልኝ እኔ ነኝ ወይስ እነሱ ያበዱት እላለሁ። ፎቶ የሚነሱት ወጣቶች ደግሞ እንዴት ነበር የሚያምሩት! ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ ለፓስፖርት ስትመጣ ሽፎን ሻሿን ሦስት ጊዜ አስራ ትፈታለች። አዛውንቱ ካኪ ሳፋሪያቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ልክ እንደሚሰቀል ሰው ደርቀው ይቆማሉ። «ጋሼ ይተንፍሱ» እላለሁ። «ተንፍሼ ከተበላሸብሽስ?» ይሉኛል። የጎረቤቴ የፀጉር አስተካካዩ ቴፕ ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት አምባሰል፣ አመሻሽ ላይ ትዝታ ያሰማ ነበር። ያንን ቴፕ ለመስማት ብቻ የማያስፈልገውን ፀጉር የሚቆረጥ ሰው አውቃለሁ።

ቪዲዮ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በካሴት የምትሠራ ካሜራ ገዛሁ፤ የቀዳሁትን ወደ ኮምፒውተሬ እገለብጥና ካሴቷን ለሚቀጥለው ሰርግ ደግሜ እቀዳባታለሁ፣ ካሴት ውድ ነበርና። ከዓመት ዓመት ኮምፒውተሩ ሲጠበው አንዲት ተንጠልጣይ ሀርድ ዲስክ ጨመርኩ። የመርሳ፣ የግራና፣ የሐራ ሰው ሰርግ በሙሉ እዚያች የመዳፍ ስፋት ያላት ዕቃ ውስጥ ነበር። ኒካሁ ከተክሊሉ፣ የማርያም ማህሌት ከመውሊዱ ጎን ለጎን ተኝቷል፤ ሲያኮርፍ ሰምቼ አላውቅም። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሰርጉን የሚያየው ዲሽ ሪሲቨሩ ላይ ሰክቶ ነበር። ሪሲቨር ደግሞ ፋት በሚባለው ዓይነት የተሰናዳ ዲስክ ካልሆነ አያነብም። ፋይል ሲስተም የሚሉት ዲስኩ ዕቃውን የሚያስቀምጥበትና መልሶ የሚያገኝበት ሥርዓት ነው፤ ይሄ ፋት የሚሉት ቤቱ ሰፊ ሆኖ በሩ ጠባብ ነው። ሺህ ትንንሽ ፋይል ያስገባል፣ አንዱ ብቻውን ከአራት ጊጋ ከበለጠ ግን ከደጅ ይመልሰዋል። እኔ ምን ቸገረኝ! ሰርጉን ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እያልኩ እቆራርጠዋለሁ። እንዲያውም ሲቆራረጥ ይጣፍጣል፤ ማን የሙሽራውን አጎት ሃያ ደቂቃ ሲበላ ያያል?

ያልቆረጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የግራናውን እርቅ። ነገሩ እንዲህ ነው። ግራና ወንዙን እየጠለፉ በተራ ነው ሽንኩርትና ማሽላ የሚያጠጡት። አንድ ቀን በውሃ ተራ ሁለት ጎረምሶች ተጣሉና ያሲን የሚባለው የጋሽ እንድሪስን የበኩር ልጅ በያዘው ዱላ መታው፤ ልጁ ሞተ። ያሲን ታሰረ፣ ዓመታት ቆጥሮ ወጣ። ቢወጣም ደም ካልደረቀ መንደሩ መግባት አይችልም። በእኛ በኩል ደም የሚያደርቁት አበጋሮች ናቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ በሚወረስ የሽምግልና ሥልጣን ሁለቱን ወገን አስቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው፣ አስምለው ያስታርቃሉ። የዚያን ጊዜው አበጋር ሼህ ሙሄ ነበሩ። ቀኑ ሲቆረጥ የያሲን እናት ከድጃ ሱቄ መጥታ «እትዬ ዘነቡ፣ ቅጂልኝ። የሰው አፍ ይሞታል» አለችኝ። ሼህ ሙሄ ካሜራዬን ሲያዩ መጀመሪያ ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ኋላ ግን ጠሩኝና «ልጄ፣ መሃላ አይቆራረጥም። ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እንዳለ ይቀመጣል። ትቆርጪ እንደሆን ካሁኑ ተመለሺ» አሉኝ። «አልቆርጥም አባባ፣ በእርስዎ ሞት» ብዬ ቃል ሰጠሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀዳሁ። አብዛኛው ሰው የሚቀመጥበት፣ ሰው የሚነሳበት፣ ሁሉም ዝም የሚልበት ነው። ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሜ እኔው ራሴ እንቅልፍ ሸልብ አድርጎኛል። ኮምፒውተሬ ላይ ስገለብጠው ዘጠኝ ጊጋ የሆነ አንድ ወጥ ፋይል ሆነ፤ ቃል ነውና እንዳለ ተውኩት።

ካሴቷን እንደ ልማዴ በሳምንቱ ሰርግ ቀዳሁባት። እንግዲህ ያ እርቅ በዓለም ላይ ያለው በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ብቻ አንድ ወጣት በስልኩ የአንዲት ደቂቃ ቁራጭ ቀድቶ ነበር። ሽማግሌዎች ጋሽ እንድሪስን ከበው «ማል! ማል በል!» ሲሉ፣ እሱም ሲምል የምታሳይ። ያቺ ቁራጭ ከስልክ ወደ ስልክ ዞራ ሱኡዲ ደረሰች። የጋሽ እንድሪስ ታናሹ ልጅ ሀሰን እዚያ ነበር፣ ገና ጢሙ ሳያበቅል በባሕር የሄደ። ቁራጯን አይቶ በድምፅ መልእክት ላከ፤ ግራና ያልሰማው ሰው የለም። «አባቴን ከባችሁ አስገድዳችሁት ነው። እኔ አልማልኩም። እኔ ስመጣ ይተያያል» የሚል። ከዚያ ወዲያ ከድጃ ከሱኡዲ መንገደኛ በመጣ ቁጥር ማን ተመለሰ ብላ የምትጠይቅ ሆነች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንዴት እንደመጣ የሚጽፉ አሉ፣ ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሶች ሁሉ ወደ ደቡብ አፍንጫቸውን አዙረው እንደቆሙ ነው። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ እንደ ጠበል ይሸጥ ነበር። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሰነበተና አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጨርሶ ሄደ። ከወልድያ በኩል ድምፅ ይሰማል። ሰው ፍራሽ በአህያ፣ አህያ የሌለው በራሱ ተሸክሞ ይወርዳል። እኔም ለመውጣት ልብሴን እያሰርኩ ሳለ ከድጃ ከግራና በእግሯ ደረሰች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

«ልትወጪ ነው?» አለችኝ።

«ልወጣ ነው። አንቺስ?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ፣ ያሲን ከብቱን ጥሎ አልሄድም አለ። እኔ የመጣሁት ለዚያ ነገር ነው። ይዘሽው ውጪልኝ።» ኮምፒውተሩን በአገጯ አሳየችኝ። «ሽማግሌዎቹ የት እንደሚወድቁ አይታወቅም። ልጅየው ደግሞ አንድ ቀን ይመጣል። ያን ቀን የማሳየው ከሌለኝ ያሲንን ቀበርኩት፣ ወላሂ።»

«እሺ፣ እገለብጠዋለሁ፤ ያን ያህል ነገር አይደለም» አልኳት። አፌ ነዋ!

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ትንሽ ጄኔሬተር ነበረችው። እሱም ሊወጣ መስተዋቱን እየፈታ ነበር፤ ለምኜ አስነሳልኝ። ፋይሉን ወደ ዲስኳ ስጎትተው ኮምፒውተሩ «ፋይሉ ለዚህ ዲስክ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ቦታ አለ እኮ! መቶ ጊጋ ቦታ አለ! ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሞ መለሰኝ። የሚበቃው ፍላሽ የለኝም፣ ሌላ ዲስክ የለኝም፣ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። ኔትዎርኩ ገና አልጠፋም ነበርና ወልድያ ኮምፒውተር ለሚያስተምረው ለመምህር ደረጀ ደወልኩ። ደረጀ የእህቴ ልጅ ነው፤ እሱም የዚያን ቀን በቆቦ በር አካባቢ ቤቱን ዘግቶ ለመውጣት ሰው እየጠበቀ ነበር።

«እትዬ፣ ዲስክሽ ፋት ነው። ከአራት ጊጋ በላይ አይቀበልም። ሁለት ሦስት ቦታ ቁረጪውና አስገቢው።»

«አልቆርጥም። ቃል አለብኝ።»

«በዚህ ሰዓት ቃል?»

«በዚህ ሰዓት ነው እንጂ ቃል!» ጮህኩበት፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ፣ እሱም ነፍሱ ተጨንቋል እኮ።

«በይ ሁለት መንገድ አለሽ። ዲስኩን አዲስ ፎርማት ብታደርጊው ወዲያው ይቀበልሻል፤ ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሌላው መቀየር ነው። ያለውን ሳይነካ ዓይነቱን ብቻ ትልቅ ፋይል ወደሚቀበለው ኤንቲኤፍኤስ የሚቀይር ትእዛዝ አለ። ግን ስሚኝ፤ እየቀየረ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ዲስኩ እንዳለ ሊበላሽ ይችላል። ከተቀየረ በኋላም ሳታጠፊው ወደ ፋት አትመልሺውም። የሰፈሩ ሪሲቨርም ከዚያ ወዲያ አያነበውም» አለኝ። ጄኔሬተሯን ሰማኋት። ትስላለች። ጎረቤቴ ጠርሙሷን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ ሁለት ጣት ያህል ቀርታለች።

በዚያች ዲስክ ላይ ያለው ምን መሰላችሁ? የራሴ እናት ተዝካር አለ። ሟቹ ባለቤቴ በልጃችን ሰርግ ላይ ሲጨፍር አለ፤ እሱን ያለዚያ አንድም ቦታ ሲንቀሳቀስ አላየውም። የስንቱ ልጅ፣ ባሕር የበላው፣ የሱኡዲ መሬት የበላው፣ እዚያ ውስጥ ይስቃል። ይሄን ሁሉ በሁለት ጣት ቤንዚን ላይ ላስይዘው? ለማን? ሰው ገድሎ ለታሰረ ጎረምሳ? አዎ፣ እንዲህ አስቤያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ዞር ስል ከድጃ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። እየተነጋገርን ያለነው አልገባትም። ብቻ ፊቴን አይታ «እምቢ አለ እንዴ?» አለችኝ። የሞቱት ሞተዋል፣ ይሄ ገና በሕይወት ያለ ነው አልኩ በልቤ። «ደረጀ፣ ትእዛዙን ንገረኝ» አልኩት።

ፊደል በፊደል ነገረኝ፣ በዚያ ጥቁር መስኮት ላይ ጻፍኩ። ሃያ ምናምን ዓመት የጻፈች ጣት ያን ቀን «ቪ» የት እንዳለች ጠፋባት። ማሽኑ ደግሞ የባሰ ነገር ጠየቀኝ፤ የዲስኩን ስም ጻፊ አለ። ስም ሰጥቼዋለሁ እንዴ? «ዘነቡ» ብዬ ጻፍኩ፤ ተሳስተሻል አለኝ። የባለቤቴን ስም ጻፍኩ፤ ተሳስተሻል። «ኧረ በማርያም! ጄኔሬተሯ እያለቀች ነው!» አለ ጎረቤቴ። ለካ ከዓመታት በፊት «ሰርግ» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ሰይሜዋለሁ፤ ደረጀ የት እንደሚታይ ነግሮኝ አየሁት። ለቅየራው ተጨማሪ ቦታ ቢፈልግ ብዬ ያልጨረስኩትን ሰባ ክፍል የቱርክ ድራማ አጠፋሁ፤ ያ ልጅ ልጅቷን ያግባት አያግባት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ መፈተሽ ጀመረ፣ በመቶኛ ይቆጥራል። ሲጨርስ «በመቀየር ላይ» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ዝም አለ። ቁጥር የለ፣ ምን የለ። ጎረቤቴ የመጨረሻዋን ጠብታ ጠርሙሷን ደፍቶ አንጠባጠበ። ስልኩ ውስጥ ደረጀ ይተነፍሳል። ከድጃ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ለቅድስት አርሴማ ተሳልኩ፣ ለሼህ ሙሄ ዱዓም ተሳልኩ፤ ማን ቀድሞ እንደሚሰማ ምን ይታወቃል። ተቀየረ። ያንን ዘጠኝ ጊጋ ጎተትኩት፣ እያንገራገረ ገባ። ኬብሏን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ስከትና ጄኔሬተሯ አንኮራፍታ ስትጠፋ አንድ ሆነ።

በእግሬ ውርጌሳን፣ በአንድ አይሱዙ ጀርባ ላይ ሐይቅን አለፍኩ። አንድ ኬላ ላይ ቦርሳዬን የሚፈትሽ ልጅ ዲስኳን አነሳና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የሰው ሰርግ ነው ልጄ።»

«ሰርግ ይዘሽ ነው እንዴ የምትሸሺው?» አለ፤ ጓደኞቹ ሳቁ፣ እኔም አለቀስኩ። መለሰልኝ። ደሴ ስትያዝ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ተሻገርኩ፤ በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳ ሥር ስተኛ ከረምኩ። ስንመለስ ሱቄ ውስጥ መጋረጃ እንኳን አልተረፈም። ኮምፒውተሩ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ የአቧራው ልክ ብቻ ቀርቶ ነበር። ደረጀ በደህና ተርፎ ሲመጣ ታሪኩን ተረኩለት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና «እትዬ፣ የኮምፒውተሩን ሆድ ፈትተሽ ውስጡ ያለውን ዲስክ ራሱን ይዘሽ ብትሄጂስ ኖሮ? አራት ብሎን ነው፤ እኔም በጭንቀት ሳልነግርሽ ቀረሁ» አይለኝም! አራት ብሎን! እኔ ኮምፒውተር መክፈት የሰው ደረት እንደ መክፈት ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቴ በእጁ የመስተዋት መፍቻ ይዞ አጠገቤ ቆሞ ነበር እኮ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ለወራት ወቀሰኝ፤ «ሰርጋችን ሪሲቨር ላይ አልከፍት አለ» እያለ። «ሰርጋችሁማ አለ፤ ሪሲቨራችሁ ነው የሰነፈው» እላቸዋለሁ።

ጋሽ እንድሪስ ግን አልነበረም። ስኳር በሽታ ነበረበት፤ መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒቱ ሲያልቅ በዚያው ክረምት አረፈ። ስልክ አይሠራም፤ ሀሰን የአባቱን ሞት የሰማው ከተቀበረ ከአራት ወር በኋላ ነው። በዓመቱ እሱ ራሱ ተመለሰ። ያን ጊዜ መሣሪያ በየቤቱ ነበር፣ ሀሰንም ክላሽ ገዛ። ለማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ መሣሪያውን ይዞ ማለዳ ማለዳ በያሲን ማሳ ዳር ይቀመጣል፣ በቃ። ያሲን ከቤት መውጣት አቆመ። ሦስት ሳምንት። ሼህ ሙሄ በሕይወት አሉ፤ እርጅና ተጭኗቸው ልጁን ሊያናግሩት ሄዱ። «እርስዎ ነዎት አባቴን ያስማሉት፤ እርስዎ ምስክር ይሆናሉ?» አላቸው። አንቱታውን ሳይለቅ ነው የመለሳቸው፤ እሱ ነው የባሰው። ከድጃ በዚያው ቀን ሱቄ መጣች። ገና ሳትናገር የደረጀን ላፕቶፕ ለመዋስ ተነሳሁ።

ግራና፣ የሀሰን አባት ቤት ገባን፤ ሼህ ሙሄ፣ የሀሰን አጎት፣ እኔ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች። ከድጃ ደፍ ላይ ተቀመጠች፣ ግቢ ያላት የለም። ሀሰን ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ «አሳዩኝ» አለ። አጎትየው ሁላችንም እንድናይ ብሎ ዲስኳን ከእጄ ተቀብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሪሲቨሩ ውስጥ ሰካት። «ኧረ አያነብም ጋሼ» ሳልል ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የሆነ ጽሑፍ መጣ። «ይኸው አነበበ እንጂ! ልክፈት ወይ ብሎ ፈቃድ እየጠየቀ ነው» አለና ሪሞቱን አነሳ። ጽሑፉ «ይህን ዲስክ ፎርማት ላድርገው?» ነው የሚለው። እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም፣ በዚህ ጉልበቴ! ሪሞቱን ከእጁ ስነጥቅ ሀሰን መሣሪያውን ያዝ አደረገ። «ሁሉንም ሊያጠፋው ነበር! አባትህንም!» ብዬ ጮህኩ። ዲስኳን ነቅዬ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁና መደቡ ላይ፣ ሀሰን ፊት አስቀመጥኩት።

ቪዲዮው ላይ ዱዓው አለፈ። ሰው ተቀመጠ። ያሲን እንደ ይቅርታ ጠያቂ ወግ ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ገብቶ መሃል ላይ ቆመ። ሼህ ሙሄ «እንድሪስ፣ ምን ትላለህ?» አሉ። ጋሽ እንድሪስ አልመለሰም። አንዱ ሽማግሌ ወደሱ ጎንበስ ሲል ሼህ ሙሄ ከዘራቸውን አነሱ። «ተዉት። ማንም እንዳይጎተጉተው። ፀሐይ እስክትጠልቅም ቢሆን እንቀመጣለን።» ከዚያ ዝም። አሥራ አንድ ደቂቃ። ዶሮ በካሜራው ፊት ታልፋለች፣ የሆነ ቦታ ሕፃን ያለቅሳል፣ የእኔው ሳል ይሰማል። የያሲን ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ጋሽ እንድሪስ መሬት መሬት ያያል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል። ከዚያ ቀና ሳይል፣ ለማንም ሳይሆን፣ በቀስታ «ልጁ ጠምቶታል። ውሃ ስጡት» አለ። እኔ ያን ቀን እዚያው ቆሜ አልሰማሁትም ነበር። ማንም አልሰማም መሰለኝ፣ የተነሳ የለም። ራሱ ተነስቶ ሄደ፤ ድንጋዩን ከያሲን ትከሻ ላይ በሁለት እጁ አውርዶ መሬት አስቀመጠና ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌዎቹ እያለቀሱ የከበቡት፣ ያን ጊዜ ነው «ማል! ማል በል!» ያሉት።

ሀሰን «ዝም ያለበትን ድገሚልኝ» አለ። መለስኩለት። ክላሹን ከጭኑ ላይ አንስቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ተጠጋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባቱን አላየውም። «ኮፍያውን ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም። ሦስተኛ አስደገመኝ። ሼህ ሙሄ በእርጅና ዓይናቸው ስለማያይ ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አዘንብለው የዚያን ቀኑን ዝምታ ይሰማሉ። ባትሪው ቀይ መብራት ማሳየት ሲጀምር ሀሰን ፊቱን በፎጣው ጠረገና ወደ ደፉ ዞረ።

«እማማ ከድጃ፣ የነገው የውሃ ተራ የማን ነው?»

ከድጃ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። «የያሲን ነበር» አለች። «ሽንኩርቱ ደርቋል እንጂ።»

«ንገሪው እንግዲህ» አላት። «ወጥቶ ያጠጣ።»